ማኅተሙ ያረፈበት ቦታ

አንድ ገመድ ሳቢ ነበረ።

ጋሽ ወንድይራድ መልሳቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። የተጠየቁት ግን ስለ ገመድ አልነበረም። ጠያቂው ኅሩይ የሚባል ጠበቃ ነው፤ የጥብቅናን ሥራ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መጥቶ ጉዳዩን አስረዳቸው። ጠበቆች በፈቃዳቸው የሚገቡበት የቆየ ማኅበር አለ። በየወሩ መጀመሪያ ሐሙስ አባላቱ ያለቀ መዝገባቸውን፣ የባለጉዳዩን ስም ሸፍነው፣ ይለዋወጡና አንዱ የሌላውን ሥራ ያነባል። አሁን ግን ሕግ ሌላ ጉባኤ አቋቁሟል። ጠበቃ ሁሉ በግዴታ ይመዘገብበታል፤ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚያድሰውና የሚቀጣው እሱ ነው። እንግዲህ የፈቃዱ ማኅበር ለምን ይኖራል? ይዘጋ የሚሉ አሉ። የለም፣ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ተሟግተን እንውሰድ የሚሉም አሉ። ለመጪው የማኅበሩ ስብሰባ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ የታዘዘው ኅሩይ ነው።

ብዙ ተናገረ። የአባላቱን ቁጥር፣ የቢሮውን ነገር፣ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ ሳይቀር ዘረዘረ። ሐሙስ የሚመጣው ሰው ሰባት ስምንት ብቻ እንደቀረም ነገራቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«ጨረስህ?» አሉት።

ጨርሻለሁ አለ። የሚከተለውን የተረኩለት ያኔ ነው።

አንድ ገመድ ሳቢ ነበረ። የሚኖረው ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ ነው። ወደ አምባው የሚያወጣ መንገድ የለም። ሰውም፣ እህልም፣ ጥጃም ከአፋፉ በሚወርድ ገመድ ተስቦ ነው የሚወጣው። ገመዱ ከበሬ ቆዳ የተጎነጎነ ጠፍር ነው። ሳቢዎቹ ስምንት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው የጎነጎኑት ገመድ አላቸው።

ሳቢዎቹ ከአባቶቻቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበር። ዓርብ ጠዋት፣ የቅዳሜው ገበያተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ አፋፉ ላይ ካለች ወይራ ሥር ይሰበሰባሉ። አንዱ የሌላውን ገመድ ይቀበልና ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንድ በክንድ ይዳስሰዋል። የራሱን ገመድ የሚዳስስ የለም፤ እጅ ለባለቤቷ ታደላለች ይላሉ። ዓይን የሚጨፈነውም ዓይን የገመዱን ወዝና የባለቤቱን ፊት እያየ ስለሚሳሳት ነው። ጉድለት ያገኘ ሰው ምንም ሳይናገር እቦታው ላይ ሣር ያስርበታል። ባለቤቱም ምንም ሳይመልስ ወስዶ ያድሰዋል። አለቃ አልነበራቸውም። የመጣ አይመሰገንም፤ የቀረ አይቀጣም።

አንድ ክረምት ላይ የአንድ ሰካራም ሳቢ ገመድ ተበጠሰና የነጋዴ ጭነት ከነጥጃው ገደል ገባ። ሰካራሙ ዓርብን ከተወ ቆይቶ ነበር። የአምባው ሹም ተቆጣ፤ ቢቆጣም እውነቱን ነው። የፈለገ የሚመጣበት፣ ያልፈለገ የሚቀርበት ልማድ ያን ሰው አልያዘውም። ስለዚህ ሕግ አወጣ። ሳቢ ሁሉ ይመዝገብ፤ ገመዱም በየዓመቱ መስከረም ተመርምሮ ማኅተም ይደረግበት፤ ማኅተም የሌለው ገመድ ከአፋፉ አይውረድ አለ። ለዚህም ሥራ አንድ ሰው ሾመ፤ ሕዝቡ ባለብረቱ አለው።

ባለብረቱ ትጉህ ነበር። ገመዱን የድንጋይ ክምር ያስጎትተዋል። ከቻለ፣ ብረት አግሎ ማኅተሙን ጠፍሩ ላይ ይተኩሳል። ማኅተሙን ጫፍ ላይ ባደርገው ሳቢዎቹ ቆርጠው ከሌላ ገመድ ጋር ይቀጥሉታል ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ የገመዱ ወገብ ላይ አደረገው። በዓመቱ ሲያድስም ያንኑ ቦታ ደግሞ ይተኩሰዋል። ማኅተሙን የነካ፣ የፋቀ ወይም የቆረጠ ከሳቢነት ይሰረዛል ተባለ። ሥራው ከንቱ አልነበረም። ሰካራሙና አንድ ሌላ አጭበርባሪ ተባረሩ፤ ሰው እፎይ አለ። ሳቢዎቹ ስድስት ሆኑ።

ወደ ገመድ ሳቢው እንመለስ። ወጣት ነው፤ ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው። በሥራው አይታማም። ገመዱ ሦስት መስከረም ተመርምሯል፤ ሦስት ጊዜ ክምሩን ችሏል፤ ሦስት ጊዜ ታትሟል። ማኅተሙ ከመጣ ወዲህ ዓርብን ተወ። ገመዴ ታይቷል፤ ሌላ ምን ይዳስሱልኛል አለ። ከስድስቱ መካከል ወይራዋ ሥር የሚገኙት አራት ብቻ ሆኑ።

መተው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰው ግን እሱ የተወውን ነገር ሌላው አልተው ሲል መጠርጠር ይጀምራል። አራቱ ለምን ይሰበሰባሉ? የማን ገመድ ደካማ እንደሆነ አጥንተው ደንበኛ ሊነጥቁ ይሆን? ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ድሮ በገመድ ነገር የሚደመጠው እሱ ነበር። አሁን ባለብረቱ መጣና የሚያደምጠው አጣ። ቂም ይዞ ይሆን? ወጣቱ ዓርብ በዚያ ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ስለ እሱ ሲያወሩ የነበሩ ይመስለዋል። እነሱ ደግሞ ጀርባውን እያዩ፣ ገመዱን ለሰው እጅ የማይሰጥ ሰው ምን ቢደብቅ ነው ይላሉ። እንዲህ እያሉ፣ ሲገናኙ እየተሳሳቁ፣ ሲለያዩ እየተጠራጠሩ ከረሙ።

በዚህ መሐል የወጣቱ ሚስት ወለደች። እንደ አገሩ ልማድ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ታች ቆላ ወላጆቿ ቤት ወርዳ ነበር። ሴት ልጅ ተገላገለች። አባትየው አንድ ጊዜ ወርዶ አይቷታል፤ ጣቱን ይዛው ተኝታ፣ እንዳትነቃ ብሎ እጁን ሳያነሣ ሲመሽበት ወጥቷል። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ፣ እሑድ ጠዋት፣ አምባው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ትነሣለች። እናትና ልጅን የሚስባቸው እሱ ነው፤ በዚያ ገመድ። ከዚህ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

ሰማንያው ቀን ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ጥሪ መጣበት። ሽማግሌው፣ ዓርብ ገመድህን ይዘህ ና ብሎ ላከበት። ለምን እንደሆነ አላስረዳም። ባለብረቱም ቤቱ ጠራው። ጠላ አስቀዳለት፤ የአራሷን ደህንነት ጠየቀው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወይራዋ ሥር ምን እንደሚባል ሰምቶ ቢነግረው ከመስከረም ጀምሮ የሹሙን ቤት ጭነት የመሳብ ሥራ እንደሚያሰጠው አጫወተው።

ወጣቱ ሁለቱንም ጠረጠረ። ዓርብ ግን ሄደ። ገመዱን አልያዘም።

«መጣህ» አለው ሽማግሌው። «ገመድህስ?»

«ቤት ነው፤ አያ። ምን ጎደለው?»

«እኔ ምን አውቄ? አልዳሰስሁት።»

ከአራቱ አንዱ፣ «ጆሮውን ይዞ መጥቷል፤ እሱም አያጥርም» አለ። ሦስቱ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቀም። የራሱን ገመድ አንሥቶ የወጣቱ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

«ዳስስ።»

ወጣቱ ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ልማዱን አልረሳችም። ክንድ በክንድ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሄደ። ገመዱ ጥሩ ነበር፤ ልስልስና ጥብቅ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ጣቶቹን አነሣና ከወዲያ አሳረፋቸው።

«ዘለልህ» አለ ሽማግሌው።

«ማኅተም ነው፤ አያ።»

«ዓይንህን ጨፍነህ በምን አወቅህ?»

«ሻካራ ነዋ።»

«ሻካራ ስታገኝ ምን ታደርግ ነበር?»

«ሣር አስር ነበር» አለ ወጣቱ።

ወደ ማኅተሙ ተመለሰ። ተጫነው፤ አልተጫነለትም። ሊያጥፈው ሲሞክር ከውስጡ ትንሽ ድምፅ ሰማ፤ የደረቀ ቅርፊት ሲረገጥ የሚያሰማውን ዓይነት። ዓይኑን ገለጠ። የሦስቱንም ገመድ ሰጡት። ሦስቱም እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ድምፅ አሰሙ።

ሽማግሌው ነገሩን አስረዳው። የተተኮሰ ቆዳ በመጀመሪያው ዓመት ይደድራል እንጂ አይጎዳም፤ እየተደገመ ሲተኮስ ግን እምብርቱ ድረስ ይከስላል። ሲጎተት ይችላል፤ ለዚህ ነው ክምሩ የማያጋልጠው። አፋፉ ላይ ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል። እነሱም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ እሱ ሲዘሉት ኖረዋል። በቅርቡ ከመካከላቸው አንዱ ሳይዘል ዳስሶ የሽማግሌው ገመድ ላይ ሣር ቢያስርበት፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ቆዳዬ ክፉ ነበር ብሎ አሰበ። ቀጥሎ የሁለተኛው፣ የሦስተኛው ሆነ።

«አንድ ገመድ ላይ ሲገኝ የቆዳው ጥፋት ነው» አለ። «አራት ላይ ሲገኝ የብረቱ ነው። ያንተን የፈለግሁት ለዚህ ነው። ያንተም እንደኛው ከሆነ ሹሙ ፊት እንቀርባለን።»

ወጣቱ ተነሥቶ ሄደ። በመንገድ ላይ ሌላ ነገር አሰበ። አራቱ ራሳቸው እሳት አስጠግተው አክስለውት ቢሆንስ? ባለብረቱን ለማስወረድ አራት ገመድ ቢቃጠል ለእነሱ ምን ብዙ ነው? ቤቱ ገብቶ የራሱን ገመድ አወረደ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። እጁ ማኅተሙ ላይ ደርሳ ደህና ነው አለችው። ደገመ። ደህና ነው አለችው። ሦስተኛም ደገመ። እጁ እውነቱን ትንገረው፣ ወይም እሑድን ፈርታ ታባብለው፣ ሊለይ አልቻለም።

ቅዳሜ ባለብረቱ ዘንድ ሄዶ የሰማውን ነገረው። ባለብረቱ እስኪጨርስ ጠበቀና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ መጀመሪያ ይህን ያለው ማን እንደሆነ። ወጣቱ ሽማግሌው ነው አለ። ባለብረቱ፣ ሰኞ ከመዝገብ ይሰረዛል ብሎ አሰናበተው። ወጣቱ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ቆመ። ባለብረቱ ማን እንዳለው ጠየቀ እንጂ እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቀም። ገመዱንም ልየው አላለም።

እሑድ ማለዳ ሰዉ አፋፉ ላይ ተሰበሰበ። ክርስትና እናቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቃለች። ባለብረቱም መጥቷል። ከገደሉ ሥር የወጣቱ ሚስት ከአባቷ ጋር ቆማለች፤ ልጅቷን በአንቀልባ ደረቷ ላይ አስራታለች። ወጣቱ ገመዱን ማውረድ ጀመረ። ክንድ በክንድ በመዳፉ ውስጥ እያለፈ ወረደ። ማኅተሙ ሲደርስ ጣቶቹ ተነሥተው አሳለፉት።

እጁ ዘለለች። አይቷታል።

ገመዱን አቆመ። ከታች ሚስቱ ምን ያዘህ ብላ ተጣራች፤ ልጅቷን ፀሐይ ሳያገኛት ቶሎ እንውጣ አለች። አትታሰሪ አላትና ገመዱን መልሶ ሳበው። ጠቅልሎ ተሸክሞ፣ ሰዉ እያየው፣ ከወይራዋ ሥር ወደ ተቀመጠው ሽማግሌ ሄደ።

«ይዳስሱልኝ፤ አያ።»

«ትናንት የት እንደዋልህ አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው።

«እንደሚያውቁ አውቃለሁ።»

«ሰኞ እሰረዛለሁ አሉ። ዛሬ ታዲያ እኔን አምነህ ነው?»

«አላምንዎትም» አለ ወጣቱ። «እጄን ግን ከዚያም ያነሰ ነው የማምናት።»

ሽማግሌው ገመዱን ተቀበለው። ዓይኑን ጨፈነ። ከገደሉ ሥር ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ከጫፍ ጀምሮ ሳይቸኩል ሄደ። ማኅተሙ ላይ ደረሰ፤ አልዘለለም። ሄዶም ተመለሰ። ከአጠገቡ አንድ ሰበዝ ሣር ነቀለና ማኅተሙ ላይ አሰረው።

ባለብረቱ ሰዉን ገፍቶ ቀረበ። ሣሩ ከማኅተሜ ላይ ይፈታ አለ። ይህን ማኅተም የደፈረ ዕድሜውን ሙሉ ገመድ አይስብም አለ። ለወጣቱ ከሳቢነት ሌላ ሙያ የለውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። አንድ ጊዜ ወደ ባለብረቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። የማናቸውም ፊት ምንም አልነገረውም። ቢላዋውን መዘዘና ገመዱን ከማኅተሙ ወዲህም ወዲያም ቆረጠው።

የሌሎቹ ገመድ ሁሉ የተተኮሰ ስለሆነ የሚዋሱት አልነበረም። የተቆረጠውን ቀጠለ። ቋጠሮውን አራቱ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱለት። ገመዱ ሦስት ክንድ አጥሮ ነበርና ከታች አልደርስ አለ። አማቱ ድንጋይ ደርድሮ ሚስቱን ላዩ ላይ አቆማት። ታሰረች። ሳባት። ማኅተም የሌለው ገመድ እናትና ልጅን ይዞ ወጣ። ልጅቷ አፋፉ ላይ ስትደርስ አባቷ ተቀብሎ ለክርስትና እናቷ ሰጣትና ከአፋፉ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ አምስቱ ሰዎች የተቆረጠውን ቁራጭ ይዘው ሹሙ ዘንድ ቀረቡ። ሹሙ ቁራጩን ተቀብሎ ማኅተሙን አየ። ጥሩ ማኅተም ነው፤ ይነበባል። በሁለት እጁ ይዞ አጠፈው። እንደ ደረቀ ቋንጣ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሹሙ እናቱ በፋሲካ ሰሞን በየትኛው ገመድ እንደወጣች ጠየቀ። ነገሩት።

ከዚያ ባለብረቱን አስጠራና ብረቱን ከእጁ ተቀበለ። ወደ ሽማግሌው ዘረጋለት፤ እንግዲህ እናንተ ያዙት አለው።

ሽማግሌው እጁን አልዘረጋም። «ብረቱስ ለእሱው ይሁን» አለ። «ማኅተሙን በእንጨት ላይ ያትምና ከገመዱ ጫፍ ያንጠልጥለው። እንጨቱን ቆርጠው ያዛውራሉ ብሎ ከሠጋ፣ አለመዛወሩን ዓርብ ዓርብ እኛ እናይለታለን።»

«ብረቱን ለምን ትፈራለህ?»

«እኛ ከያዝነው እኛን ማን ይዳስሰናል?»

ሹሙ በዚህ ተስማማ። ደስ ሊያሰኛቸው ፈልጎም፣ እንግዲያው ሳቢ ሁሉ ዓርብን በግዴታ ይገኝ ብዬ ላስነግር አለ። ሽማግሌው ይህንም እንቢ አለ። «ተገዶ የመጣ ሰው ይመጣል» አለ፤ «ግን ዓይኑን አይጨፍንም።»

ሕግ ሕግ ነውና ወጣቱ ማኅተም ስለቆረጠ አንድ ክረምት ከሥራ ታገደ። ክረምቱን እንጨት እየተሸከመ ቤቱን አኖረ። ዓርብ ግን አንድም ቀን አልቀረም። የራሱ ገመድ ተሰቅሎ ሳለ የሰው ገመድ ሲዳስስ ከረመ። አራቱን ወደዳቸው ማለት አይደለም። ያ ሽማግሌ ነገ ምን ያስብ ይሆን እያለ እንደተጠራጠረው ነው። ድሮ ጥርጣሬውን ቤቱ ይዞት ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ወይራዋ ሥር ያመጣዋል።

ጋሽ ወንድይራድ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ኅሩይ ዞሩ። ኅሩይ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፤ «ማኅበሩን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። ይኑር ቢሉ አይገርምም።»

«ጎሽ» አሉ። «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። እኔንም ሳትዳስስ አትለፈኝ።»

ከዚያ ምሳሌውን ፈቱለት። «ብረቱ ፈቃዱ ነው። አትጣሉት፤ ሰካራሙን ያባረረው እሱ ነው። ደግሞም አትመኙት፤ የያዛችሁት ቀን ሌላ ባለብረት ትሆናላችሁ እንጂ ማኅበር አትሆኑም። ፈቃድ ሰጪው በዓመት አንድ ቀን ያይሃል፤ ክምር ያስጎትትሃል፤ ያትምሃል። ደንቡ ራሱ የሚያከስለው ቦታ ካለ ግን እሱ ሊያገኘው አይችልም፤ የገዛ እጁ ሥራ ነውና ይዘለዋል። ያን የሚያገኙት ብረት የሌላቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። አንድ ጠበቃ ሲሳሳት የጠበቃው ጥፋት ነው። አራት ጠበቃ እዚያው ቦታ ላይ ሲሳሳት ግን ከደንቡ ወገብ ላይ የተተኮሰ ነገር አለ፤ መዝገባችሁን ካልተለዋወጣችሁ አራት መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ? የማኅበሩ የወደፊት ሥራ ይኸው ነው። ሌላ የለውም። ለዚህ ደግሞ ሰባትና ስምንት ሰው አያንስም።»

ኅሩይ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ጋሽ ወንድይራድ እጁን ያዙት።

«አሁን የማኅበሩን ትተን ወደ አንተ እንምጣ። ስለ አባላቱ ነገርኸኝ፤ ስለ ቢሮው ነገርኸኝ፤ ሐሙስ ስንት ሰው እንደሚመጣ ቆጥረህ ነገርኸኝ። አንተ ከመቼ ጀምሮ እንደቀረህ ግን አልነገርኸኝም። ዘለልህ።»

ኅሩይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ።

«ምን አግኝቶህ?»

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች አለ። የቤት ክርክር ነው። የይግባኙን ቀን በስሕተት ቆጠረው። ቀኑ ማለፉን ያወቀው መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ሴትዮዋ በይግባኙም የተፈረደባት መስሏት ልጆቿን ይዛ ቤቱን ለቀቀች፤ አመስግናው ነው የሄደችው። ማንም አልጠየቀውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ያን መዝገብ ይዞ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። በዚያው ቀረ።

«ፈቃድህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታድሷል።»

ጋሽ ወንድይራድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያው ላይ ሁለት ጊዜ ተተኩሷል ማለት ነው» አሉ። «እንግዲህ ሐሙስ መዝገቡን ይዘህ ሂድና ለማታምነው ሰው ስጠው። የውሳኔ ሐሳቡን ከዚያ በኋላ ጻፈው።»